«መጀመሪያ ለእግዚአብሔር ንገሪ» ተብዬ አምስት ወር ዝም አልኩ

ጥያቄ፦ «ባለቤቴ የስፖርት ውርርድ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆነው። መጀመሪያ መቶ ሁለት መቶ ብር ነበር። አሁን ደሞዙ በሳምንት ያልቃል። የዕቁባችንን ብር በልቶታል። በሞባይል የተበደረው ስንት እንደሆነ እንኳ አላውቅም። በፊት ገንዘብ በጠፋ ቁጥር ለእህቴና ለሁለት ጓደኞቼ እየደወልኩ አለቅስ ነበር። አንድ ቀን ጉባኤ ላይ ሰባኪው ‹ችግሩን ለሰው የሚያወራ እግዚአብሔርን አላመነውም› ሲል ሰማሁ። ልቤን ነካኝ። ከዚያ ወዲህ አምስት ወር ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ማታ ማታ እጸልያለሁ፤ ግን አፌ ያነባል እንጂ ልቤ ሌላ ቦታ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እነቃና እስኪነጋ እገላበጣለሁ። ለንስሐ አባቴ ብነግረው እምነት ማጣት ነው? ደግሞስ እግዚአብሔር ሁሉን ካወቀ ለምን እነግረዋለሁ? እስከ መቼ ዝም ልበል?»

ምላሽ፦

ዝምታሽን ዛሬ ማቆም ትችያለሽ። ለንስሐ አባትሽ መንገር እምነት ማጣት አይደለም። የሰማሽው ስብከት ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን አንቺ ያለሽበት ዓይነት ቤት ውስጥ ሲገባ ጉዳት ያመጣል።

እውነት ከሆነው ልጀምር። በፊት ስታደርጊው የነበረው ነገር መታረም ነበረበት። ገንዘብ ይጠፋል፣ ስልክ ታነሺያለሽ፣ ታለቅሺያለሽ፣ ለአንድ ሰዓት ቀለል ይልሻል። አንዷ «ፍቺው» ትላለች፣ ሌላዋ «ለልጆችሽ ስትይ ቻይው» ትላለች፣ ሦስተኛዋ «መተት ነው፣ ሰው አሠርቶበት ነው» ትላለች። በማግስቱ ችግሩ እዚያው ነው፤ የተጨመረልሽ እርስ በርሱ የሚጋጭ ምክር ነው። ባልሽም በሦስት ሰዎች ዓይን ተበላሽቷል። ነገ ቢመለስ እንኳ እነሱ ይቅር ለማለት ካንቺ የበለጠ ጊዜ ይፈጅባቸዋል። እግዚአብሔር በዚህ ሁሉ መሀል ተራ የሚደርሰው ካርዱ ሲያልቅ ነበር። ሰባኪው ይህን ለማለት ፈልጎ ከሆነ ልክ ነው።

አንቺ ግን የሰማሽው ከዚያ በላይ ነው። ሰው ሁሉ ተከለከለ ብለሽ ወሰድሽው። ለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው የንጉሥ አሳ ታሪክ ነው፤ ዜና መዋዕል ካልዕ ምዕራፍ 16 ላይ አለ። አሳ በነገሠ በ39ኛው ዓመት እግሩን ታመመ፤ ሕመሙም ጸናበት። በታመመም ጊዜ ባለ መድኃኒቶችን ፈለገ እንጂ እግዚአብሔርን አልፈለገም ይላል። ከዚህ ተነሥቶ «ሐኪም ቤት መሄድ አለማመን ነው» የሚል ሰው ሁሌም አይጠፋም። ምዕራፉን ግን ከላይ ጀምረሽ አንብቢው። የእስራኤል ንጉሥ ባኦስ በመጣበት ጊዜ አሳ ከቤተ መቅደሱ ብርና ወርቅ አውጥቶ ለሶርያው ንጉሥ ላከ። ባለ ራእዩ አናኒ ሲገሥጸው ተቆጥቶ አሰረው። ከሕመሙ በፊት ዓመታት ያስቆጠረ አመል ነበረው። ያስወቀሰው መድኃኒተኛ መጥራቱ አይደለም፤ እግዚአብሔርን ጭራሽ መተዉ ነው።

በዚያው ዙፋን ላይ ከእርሱ ብዙ ዘመን በኋላ የተቀመጠውን ሕዝቅያስን ደግሞ ተመልከቺ። ለሞት ታመመ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ጸለየ፣ እጅግም አለቀሰ። ነቢዩ ኢሳይያስ ገና ከመካከለኛው አደባባይ ሳይወጣ ተመለስ ተባለ፤ 15 ዓመት እንደ ተጨመረለትም ነገረው። ከዚያ ምን ሆነ? ያው ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አምጡ አለ። እባጩ ላይ አደረጉት፣ ተፈወሰም። ጸሎቱም በለሱም በአንድ ክፍል ውስጥ ናቸው፤ ማንም አላፈረበትም። ከ81ዱ መጻሕፍታችን አንዱ የሆነው ሲራክም ምዕራፍ 38 ላይ በታመምህ ጊዜ ወደ እግዚአብሔር ጸልይ ይልና ጥቂት ዝቅ ብሎ ለባለ መድኃኒቱ ቦታ ስጠው ይላል። ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጌቴሴማኒ ነው። ጌታ ጴጥሮስንና ሁለቱን የዘብዴዎስ ልጆች ይዞ ገባ። ነፍሱ እስከ ሞት ድረስ እንዳዘነች ነገራቸው፤ ከእርሱ ጋር እንዲተጉ ለመናቸው። ከዚያ ጥቂት ወደ ፊት እልፍ ብሎ በግንባሩ ወድቆ ጸለየ። «ለሰው የነገረ አላመነም» የሚለው አባባል በጥሬው ከተወሰደ እዚህ ጋ ምን ሊባል ነው? እርግጥ ሦስቱም ተኙ። የሰው ነገር እስከዚያ ነው። አብረውሽ እንዲያዝኑ ትጠሪያቸዋለሽ፣ ይደክማቸዋል፣ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ጽዋውን ማንሣት የሚችል አባቱ ብቻ ስለሆነ ልመናውን ለእርሱ ብቻ አቀረበ። ጓደኞችሽን ስትጠሪ ግራ የተጋባብሽ ይህ ነው። የማይችሉትን ጠየቅሻቸው። አሁን ደግሞ የሚችሉትንም ከለከልሻቸው።

«ካወቀ ለምን እነግረዋለሁ» ላልሽው፦ ጌታ ራሱ አባታችሁ ሳትለምኑት የሚያስፈልጋችሁን ያውቃል ካለ በኋላ ወዲያው «አባታችን ሆይ»ን አስተማረ። ስለዚህ ማወቁ ጸሎትን አላስቀረም። ኢያሪኮ መንገድ ዳር ተቀምጦ የሚጮኸውን በርጤሜዎስንም ምን ላደርግልህ ትወዳለህ ብሎ ጠይቆታል። ዕውር መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል! ግን ሰውዬው በራሱ አፍ እንዲለው ፈለገ። በራስ አፍ መናገር ደግሞ አንድ ነገር ያደርጋል፤ ምን እንደምትፈልጊ ላንቺም ይገልጥልሻል። «ባሌን መልስልኝ» ብለሽ ትጀምሪና ሳታስቢው «ጎረቤት እንዳያውቅ አድርግልኝ» ስትይ ራስሽን ትሰሚያለሽ። አንዳንዴ ትልቁ ጭንቀታችን ሁለተኛው ነው።

ይህን የምለው የአምስት ወሩ ዝምታሽ ሁሉ ከእምነት የመጣ ስለማይመስለኝ ነው። ስብከቱ ልብሽን የነካው ምናልባት ኀፍረትሽ ቀድሞ መደበቂያ ይፈልግ ስለነበር ይሆናል። ሀገራችን ላይ «ገመናን መሸፈን» ትልቅ ጨዋነት ነው፣ አልነቅፈውም። ነገር ግን ገመና የሸፈነ ሁሉ ለእግዚአብሔር ነገረ ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ለማንም ያልነገርነውን ለእርሱም አንነግረውም። ጸሎትሽ አፍሽ ላይ የቀረው ለዚህ ነው ብዬ እገምታለሁ፤ ውዳሴ ማርያሙን ታነቢያለሽ፣ ዳዊቱን ትደግሚያለሽ፣ የዕቁቡ ብር ጉዳይ ግን እዚያ መሀል አንድም ጊዜ አልተነሣም።

ስለዚህ የዘወትር ጸሎትሽን አትተዪ። የአባቶች ቃል ልብ በደረቀበት ቀንም ይሸከማል። በላዩ ላይ ግን በራስሽ አማርኛ የምትናገሪበት አሥር ደቂቃ ጨምሪ። ጠዋት፣ ስልክሽን ከመክፈትሽ በፊት ይሁን። ሰናክሬም ኢየሩሳሌምን ሲያስፈራራ ሕዝቅያስ የዛቻውን ደብዳቤ አንብቦ ወደ ቤተ መቅደስ ወጣና በእግዚአብሔር ፊት ዘረጋው። ወረቀቱን ራሱን! አንቺም እንዲሁ አድርጊ። ከባንክ የሚመጣውን ቴክስት ክፈቺ፣ የምታውቂውን ዕዳ በወረቀት ጻፊ፣ ከሥዕለ አድኅኖው ሥር አስቀምጪና በቁጥሩ ጥሪው። «ጌታ ሆይ፣ የዕቁቡ ብር ይኸው፤ የቤት ኪራይ ይኸው፤ የልጆቹ ትምህርት ቤት ይኸው።» ንዴትሽንም አትሸፍኚ። ባልሽን የረገምሽበት ቀን ካለ እዚያው ንገሪው፤ ሰምቶታል።

እንዲህ ስትጸልዪ ወዲያው ሰላም ባይመጣ «እምቢ አለኝ» ብለሽ አትደምድሚ። በእኛ ቁጥር 87ኛው መዝሙር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጩኸት ነው፤ የሚያልቀውም ጨለማ ላይ ነው። አንድ የምስጋና መስመር እንኳ መጨረሻው ላይ የለውም። ዳዊትን በየዕለቱ ከፋፍሎ የሚደግም ሰው በተለመደው አከፋፈል ሐሙስ ሐሙስ ይደርስበታል። ቤተ ክርስቲያን ይህን መዝሙር ከሌሎቹ አንሣ ዝቅ አላደረገችውም። ያንቺ ሐሙስም አምስት ወር ሊቆይ ይችላል።

በሌላ በኩል የሐናን ታሪክ ልብ በዪ። ጣውንቷ ፍናና በየዓመቱ ታስቆጣታለች። ባሏ ሕልቃና «እኔ ካሥር ልጆች አልሻልሽምን?» ይላታል፤ ደግ ሰው ነው፣ ግን ነገሩ አልገባውም። ሴሎ ወጥታ በእግዚአብሔር ፊት ነፍሷን አፈሰሰች። ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ስለነበር ካህኑ ዔሊ የሰከረች መሰለው! ወደ እግዚአብሔር በሄደችበት ቀን ያገኘችው የመጀመሪያው ነገር ከካህን የተሰጠ ተግሣጽ ነው። ተቀይማ አልሄደችም፣ ቃሉንም እንዳለ አልዋጠችም። «አይደለም ጌታዬ» ብላ አስረዳችው። ያን ጊዜ መረቃት። ሄደች፣ በላች፣ ፊቷም ከዚያ ወዲያ አላዘነም። የለመነችው ልጅ፣ ሳሙኤል፣ ገና አልተፀነሰም እኮ።

ይህ ወደ ንስሐ አባትሽ ያመጣናል። ሂጂ። «ባሌ እንዲህ ነው» ብቻ ብለሽ ከመጣሽ ክስ ይሆናል፤ አንቺስ ምን ላይ ነሽ? መተኛት እንዳቃተሽ፣ እንደተቆጣሽ፣ እንደ ፈራሽ፣ ስንት እንደሆነ ያልታወቀውን ዕዳ፣ ሁሉንም ተናገሪ። የንስሐ ምሥጢር ማውጣት ለካህን ከባድ ጥፋት ስለሆነ ነገሩ ከዚያ አይወጣም። ስድስት መቶ የንስሐ ልጅ ያለው አባት በቅዳሴ ማግስት ቆሞ በሁለት ደቂቃ «ጸልዪ፣ ታገሺ» ብሎሽ ሊያልፍ ይችላል። ያን ጊዜ እንደ ሐና ሁኚ። «አባቴ፣ ጊዜ ያስፈልገኛል፣ መቼ ልምጣ?» በዪ። ከዚያም አልፎ ካልሰማሽ ሌላ አባት መፈለግ ክህደት አይደለም፤ በወጉ አሰናብቱኝ ብለሽ ትሄጃለሽ።

ለማን እንደማትነግሪም ላንሣ። ሃምሳ ሰው ያለበት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ «ጸልዩልኝ» ብሎ የባልን ስምና ገመና መዘርዘር የጸሎት ልብስ የለበሰ ወሬ ነው። በስልክ «ባልሽ ላይ ያለውን መንፈስ አየሁት» የሚል፣ ከዚያም ገንዘብ ላኪ የሚል ሰው ቢመጣ ዝጊበት። ስለት የራሱ ክብር አለው፤ ሐናም ተስላለች። ግን ዕዳ ላይ ሆነሽ በአሥር ሺህ ብር ጃንጥላ አትሳዪ። መክብብ ተስሎ ካለመክፈል አለመሳል ይሻላል ብሏል። ከእህትሽና ከጓደኞችሽ ደግሞ አንዷን ምረጪ፤ ስትሰማ የማትጮኸውን፣ ስትወጣ የማታወራውን። ሌሎቹ «አሁን አሁን ምነው ጠፋሽ» ቢሉሽ «ደህና ነኝ፣ ጸልዩልኝ» በቂ ነው።

ስለ ውርርዱ ራሱ አንድ ነገር ማወቅ አለብሽ። ይህ የዓለም ጤና ድርጅት ከበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው ሱስ ነው። መጠጥ ያሸታል፣ ጫትም ይታያል። ቲኬት ግን ኪስ ውስጥ ነው፣ አፑም ስልክ ውስጥ ነው። ሲሸነፍ «የተበላሁትን ላስመልስ» ብሎ ይጨምራል፤ ሲያገኝ ደግሞ «ዛሬ ቀኔ ነው» ብሎ ይጨምራል። ጸሎትሽ ለልቡ ነው። ዕዳውን ካልከፈልሽለት ጭካኔ እንዳይመስልሽ፤ በከፈልሽ ቁጥር ለሚቀጥለው ቲኬት ቦታ ታዘጋጂለታለሽ። «ፍቅር ሁሉን ይታገሣል» ብለሽ ወርቅሽን አትሽጪ። ደሞዝሽ በራስሽ ሂሳብ ይግባ፣ ፒንሽን ቀይሪ፣ ዕቁቡን በስምሽ ግቢ። በጋራ ያላችሁት ቤት ካለ ያለ ሁለታችሁ ስምምነት ሊሸጥም ሊያዝም እንደማይገባ የቤተሰብ ሕጉ ያስቀምጣል። ስለዚህ የሚፈረም ወረቀት ሲያመጣልሽ ሳታነቢ አትፈርሚ። ለብድሩ ዋስ ሁኚልኝ ካለሽም እምቢ በዪ።

ስለ እንቅልፍሽ፦ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስትነቂ ተነሺና ጸልዪ የሚሉሽ ይኖራሉ። አንዳንድ ቀን መልካም ነው። በየሌሊቱ ከሆነ ግን በድካም ላይ ድካም መጨመር ነው። ኤልያስ ነፍሴን ውሰዳት ባለ ጊዜ መልአኩ መጀመሪያ አልገሠጸውም፤ ምግብና ውሃ ሰጠው፣ ተኛ፣ ደግሞም አበላው። አልጋሽ ላይ እንዳለሽ አንድ አጭር ጸሎት ደጋግሚ፤ እንቅልፍ ከወሰደሽ ይውሰድሽ። ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ መጥላት፣ ምንም ነገር ደስ አለማለት ካለብሽ ሐኪም ይይሽ። ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ያን ቀን ሳታሳድሪ ሂጂ። ጸበል ከጀመርሽም ሁለቱን አብረሽ አስኪጂ። ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ክርክር በተነሣበት በ1999 ዓ.ም. ገደማ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ በይፋ ተናግረዋል። ያ መልስ ለእንቅልፍና ለጭንቀት መድኃኒትም ይሠራል።

የቀረው ባልሽን ራሱን ማነጋገር ነው። ከጻፍሽልኝ ሁሉ ውስጥ ይህ አንድ ጊዜም አልተነሣም፤ ለእህትሽ ነግረሻል፣ ለጓደኞችሽ ነግረሻል፣ ለእርሱ በእርጋታ ተቀምጠሽ መናገርሽን አልጻፍሽም። ነህምያ ስለ ኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረስ ከሰማበት ወር እስከ ኒሳን ድረስ፣ አራት ወር ያህል፣ ጾመና ጸለየ። ንጉሡ አርጤክስስ «ምን ትፈልጋለህ?» ባለው ጊዜ እዚያው ቆሞ በልቡ ወደ ሰማይ አምላክ ጸለየ፤ ወዲያው ለንጉሡ መለሰ። መልሱም የተዘጋጀ ነበር። ደብዳቤ፣ እንጨት፣ የሚመለስበት ቀን፣ ሁሉም ተቆጥሮ። በጸሎቱ ወራት ምን እንደሚጠይቅ አውቆ ነበር የመጣው። አንቺም እንዲሁ ሂጂ።

ልጆቹ የሌሉበት፣ እርሱም ጨዋታ የማያይበት ሰዓት ምረጪ። ገንዘብ በጠፋበት ማታ አይሁን። የጻፍሽውን ወረቀት አውጪና ሦስት ነገር ጠይቂው፦ ዕዳው በሙሉ ስንት እንደሆነ እንዲነግርሽ፣ አፑን ከስልኩ አጥፍቶ የደሞዙን አያያዝ ለጊዜው ላንቺ እንዲተው፣ አብራችሁ አባታችሁ ጋ ወይም ባለሙያ አማካሪ ጋ እንድትሄዱ። ሦስቱንም እምቢ ሊል ይችላል። ያን ጊዜ ብቻሽን እንዳትቀጥዪ አባታችሁን ወይም እርሱ የሚያከብረውን አንድ ሽማግሌ ይዘሽ ተመለሺ፤ ጌታም ማቴዎስ 18 ላይ ሥርዓቱን እንዲሁ ነው ያስቀመጠው፤ መጀመሪያ ለብቻ፣ ካልሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዞ። ይህ ሁሉ ግን እጁን የማያነሣ ሰው ከሆነ ነው። መትቶሽ ከሆነ ወይም እንደሚመታሽ ከፈራሽ ብቻሽን አታነጋግሪው። ልጆቹን ይዘሽ እህትሽ ቤት እደሪና ንግግሩ ሰው ባለበት ይሁን፤ ለፖሊስ ማመልከትም ያስፈልግሽ ይሆናል። ለዚህ ከማንም፣ ከሰባኪም ቢሆን፣ ፈቃድ አትጠብቂ።